የአደራ ድስት

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ ውስጥ ሠርግ ደግሶ ፋናዬን ያልጠራ ሰው ወይ ከእሷ ጋር ተጣልቷል፣ ወይ ወጥ አያውቅም ይባል ነበር። ከእሷ ጋር መጣላት ደግሞ ቀላል ነው። ምላሷ እሳት ነው። ድስቷ ላይ ያጎነበሰ ሰው ካየች የሙሽራው አባትም ቢሆን አትምረውም፤ «ሰውዬ፣ ጨው ጎደለኝ አልኩህ እንጂ ምራቅ ጎደለኝ አልኩህ?» ብላ በጭልፋ ታባርረዋለች።

ታዲያ ይህችው ምላሰኛ ለቅሶ ቤት ሲሆን ማንም ሳይጠራት ትሄዳለች። አራስ ቤት ገብታ ገንፎ ታገነፋለች፤ የታመመ ሰው ልብስ ታጥባለች። «ምን እንክፈልሽ?» ያላት ሰው ጉድ ፈላበት። «ክርስትናዬን ልትገዛኝ ነው?» ብላ ትጮህበታለች። ራጉኤልን ሳትሳለም እሳት አታያይዝም፤ ተሳልማ ስትመለስ ግን መንገድ ላይ ከሦስት ሰው ጋር ሳትጨቃጨቅ ቤቷ አትደርስም። እንዲህ ያለች ጻድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከእሷ በቀር አላየሁም።

ከጎጃም የመጣችው ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ እህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ደረቱን ታመመና ሞተ። ልጅ አልተወላትም። የቀራት ከነጋዴው ከአቶ አሸብር የተከራዩት፣ ከግቢያቸው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ቤት፣ የባሏ ጋቢና የራሷ ጭልፋ ብቻ ነው። በዚያ ጭልፋ ስም አወጣች።

ጓደኛዋ ራዲያ ትባላለች፤ ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ናት። የሁለቱን ጓደኝነት ለማወቅ የመርካቶን ድግስ ማወቅ ያስፈልጋል። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ንግዱ፣ ሰፈሩ፣ ለቅሶው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሠርግ የሚደግስ ሰው ሁሉ ሁለት ድስት ይጥዳል። ክርስቲያን ከደገሰ ለሙስሊም እንግዶቹ አንድ ሙክት ለብቻው ያስቀምጥና ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊም ሴት በተለየ እሳት ትሠራዋለች፤ እንግዶቹም በተለየ ዳስ ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንደዚያው ያደርጋል። አንዱ ሌላውን አፉን ከፍቶ አያማም፣ ቆሞም አይጠብቅም። ሁሉም ባለድስቷን አምኖ ይበላል።

እና የክርስቲያኑ ድስት የፋናዬ፣ የእስላሙ ድስት የራዲያ ነበር። ለዓመታት በአንድ ጢስ ሲያለቅሱ፣ ከጉልቻ ጉልቻ ሐሜት ሲቀባበሉ ኖረዋል። ራዲያ የጭልፋዋ እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ታስራለች። ሽንኩርት ይዋዋሳሉ፣ በርበሬ ይዋዋሳሉ፤ ጭልፋ ግን አይሻገርም። ሕጋቸው ይህቺ ብቻ ናት፤ ጭልፋ አይሻገርም።

አንድ ጥር አቶ አሸብር ሴት ልጃቸውን ዳሩ። አቶ አሸብር እህል በረንዳ ላይ ስማቸው የሚጠራ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን ያስጠሩላቸው ግን ሐጂ ባህረዲን ናቸው የሚል ብዙ ሰው ነበር፤ የደቡቡን እህል ሰብስበው ለአሸብር የሚያቀርቡላቸው ሐጂ ናቸውና። ሠርኬ፣ የአቶ አሸብር ሚስት (አንቱ እንድላት አታስገድዱኝ)፣ ከጎህ ጀምሮ ጓዳ ለጓዳ እየተሯሯጠች «ሐጂ ቅር ካላቸው አለቀልን! የእስላሙ ዳስ እንዳይጎድል!» ስትል ዋለች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከራዲያ ቤት ሰው እየሮጠ መጣ። ራዲያ ሰምታው ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ፋናዬ፣ ሐጀራ ምጥ ይዟታል አሉኝ።»

ሐጀራ የራዲያ አንድያ ልጅ ናት፤ ያ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

«ድስቱስ?»

«ድስቱማ በስሏል። ትንሽ መንተክተክ ነው የቀረው። እኔ አለሁ አይደል?»

ራዲያ ጭልፋዋን አንዴ አየችው፣ አንዴ ፋናዬን አየቻት። ከዚያ ሰጠቻት። «አደራ ፋናዬ። አማና ነው። እነዚያ ሰዎች እኔን አምነው ነው እጃቸውን የሚሰዱት።»

«ኧረ ሂጂ! ማርያም ትቅረባት» አለች ፋናዬ እንደ ልማዷ። ራዲያም እንደ ልማዷ «አሚን» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ፋናዬ ያን ባለክር ጭልፋ እንዳይነካካ ብላ አጥሩ ላይ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ብዙም አልቆየ፣ ሙሽራው መጣ። እልልታው፣ ከበሮው፣ «አናስገባም ሰርገኛ» የሚለው ግርግር ግቢውን አናጋው። ጓዳ የነበረው ሁሉ ወደ በር ነቀለ። ፋናዬ የራሷን ትልቅ ድስት እያማሰለች ብቻዋን ቀረች። ድንገት አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካት። የራዲያ ድስት ሊያርር ነው! «ወይኔ አደራዬ!» ብላ ዘለለች፤ ጭልፋውን ሰዳ ከሥር ፈነቀለች፣ አዞረች፣ አማሰለች፣ እሳቱን አወጣች። ወጡ ተረፈ። ተመስገን ብላ ላቧን ስትጠርግ ዓይኗ ወደ አጥሩ ሄደ።

ባለክሩ ጭልፋ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አለ።

ፋናዬ ክው አለች። እጇ ላይ ያለው የራሷ ጭልፋ ነው። ያውም ከክርስቲያኑ በሬ ወጥ ቀድቶ የተነሳ፣ መረቅ የሞላበት። ያ መረቅ አሁን የራዲያ ድስት ውስጥ ነው።

ዞር ዞር አለች። አንድም ሰው የለም። ሁሉም በር ላይ እየጨፈረ ነው። እንግዲህ እኔና እናንተ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? እናንተን አላውቅም፤ እኔ በበኩሌ ጭልፋውን አጥቤ፣ «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ወደ ላይ አይቼ ዝም እል ነበር። ፋናዬ ግን ጭልፋውን ይዛ ቆማ ቀረች። «አደራ በላሁ» አለች ለራሷ። 

በዚህ መሐል ሠርኬ እየበረረች መጣች። «ምን ተገትረሻል? ሐጂ ገብተዋል፣ ዳሱ ሞልቷል! ወጡን አስወጪ!»

«እትዬ ሠርኬ፣ ይሄ ድስት አይቀርብም።»

«ምን?»

«ተሳስቼ በእኔ ጭልፋ አማሰልኩት። የበሬው መረቅ ገብቶበታል።»

ሠርኬ ግራ ቀኝ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አልሆነም።»

«ሆኗል እንጂ እትዬ! እግዜር አይቶ የለም?»

«እግዜር ሠርግ አይበጠብጥም!» ሠርኬ ክንዷን ጨመቀቻት። «አንድ ጭልፋ መረቅ ምን አላት? ስሚኝ። ይሄ ድስት ሳይቀርብ ቢቀር፣ አሸብር ናቀን ብለው ሐጂ ፊታቸውን ያዞሩብናል። የምንበላው እንጀራ ከሳቸው እጅ ነው።»

«ሌላ በግ ይታረድ፤ እኔው ራሴ ራዲያን ሮጬ...»

«ሰው እጁን እየታጠበ?» ሠርኬ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። «አፍሽን ከከፈትሽ፣ ማርያምን፣ ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጫለሽ። ዕቃሽን ደጅ ላይ ታገኚዋለሽ!» አለችና ወደ አሳላፊዎቹ ዞረች። «ኑ፣ አንሱት!»

ሁለት ጎረምሶች መጥተው ድስቱን በጨርቅ ያዙና አነሱት። መንገዳቸው በፋናዬ በኩል ነበር። አንድ ሐሳብ መጣላት፤ እግሬን ብዘረጋ ይደፋል። አደናቀፋቸው ይባላል፣ ማንም አያፍርም፣ እኔም ከቤቴ አልወጣም። እግሯን ገፋ አደረገች። ወዲያው ከድስቱ አፍ የሚወጣውን እንፋሎት አየች። የፈላ ወጥ ነው፤ የሰው ልጆች ይቃጠላሉ። እግሯን መለሰች። ድስቱ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አሰበች። ያቺ ቤት ባሏ የሞተባት ቤት ናት። ከወጣች ወዴት ትገባለች? ዘመድ የላት፣ አገሯ ሩቅ። ዝም ካለች ደግሞ ሐጂና ሰዎቻቸው ሃይማኖታቸው የሚከለክለውን ይጎርሳሉ፤ የሚጎርሱትም ራዲያን አምነው ነው፣ ራዲያም የሄደችው እሷን አምና ነው። «ራጉኤል ሆይ፣ እግሬን ያዝልኝ» አለች። ራጉኤልም አልያዘላትም መሰለኝ፤ እግሯ ከድስቱ ኋላ መሮጥ ጀመረ።

ግቢው በሰው ታጭቋል። አንዱ ክንዷን ይዞ «እትዬ ፋናዬ፣ ዛሬስ እስክስታ ሳትመቺ አትሄጂም!» ይላታል፤ ሌላው ጠላ የሞላ ጣሳ ፊቷ ላይ ይደቅናል። «ልቀቁኝ! ኧረ ልቀቁኝ!» እያለች በክርኗ ተጋፍታ አለፈች። ከእስላሙ ዳስ ስትደርስ ወጡ እንጀራው ላይ ፈስሷል። ሐጂ ባህረዲን ከራስጌ ተቀምጠዋል፤ የታጠበ እጃቸው ገና አልደረቀም። «ቢስሚላሂ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

«ሐጂ! በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ፣ እንዳይቀምሱ! ማንም እንዳይቀምስ!»

ሴት በዚያ ዳስ መሐል ቆማ ስትጮህ ታይቶ አይታወቅም። ጎራሽ ሁሉ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሐጂ ቀና አሉ።

«ምን ተገኘ?»

ፋናዬ ነጠላዋን አደግድጋ ነገረቻቸው። ጭልፋዋን እያሳየች፣ እየተንተባተበች፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ራዲያ የለችበትም። ልጇ ምጥ ይዟት አደራ ብላኝ ነው የሄደች። አደራችሁን፣ እሷን እንዳትወቅሷት።»

ይሄኔ አቶ አሸብር ደረሱ፤ ሠርኬ ከኋላቸው ናት። የአቶ አሸብር ፊት ቲማቲም መስሏል። «አውጡልኝ ይህቺን እብድ!»

«እብድ አይደለችም፣ ሰክራ ነው!» አለች ሠርኬ። «ከጠዋት ጀምሮ ጠላውን ስትገለብጥ ነው የዋለችው። ሐጂ፣ ማርያምን፣ ድስቱ ንጹሕ ነው! እኔው ራሴ ቆሜበታለሁ!»

ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። አንዱ «የደጋሹ ሚስት እየማለች እኮ ነው» ይላል፤ ሌላው «ምን ሊያደርጉን ነው?» ብሎ ሊነሳ ይቃጣዋል። ፋናዬ ማስረጃ የላት። ጭልፋ አይናገር። የሠርኬን መሐላ ስትሰማ ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ያቺ የማትቻለው ምላሷ ግን በዚያች ሰዓት ተሳሰረባት። «ከውሃ በቀር ባፌ የገባ የለም» ብቻ አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

ሐጂ ሁለቱንም ሴቶች ተራ በተራ አዩ።

«የት ነው የምትኖሪው?» አሏት ፋናዬን።

«እዚሁ ግቢ፣ ከኋላ።»

«ቤቱ የማን ነው?»

ፋናዬ አቶ አሸብርን አየች። «የእሳቸው።»

«ታዲያ ዛሬ የት ልታድሪ ነው?»

«እንጃ ሐጂ። እሱን እንኳ አላሰብኩበትም።»

ሐጂ እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። «ሰው ለጥቅሙ ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ» አሉ ለሰዎቻቸው። «ማደሪያውን ለማጣት የሚዋሽ ግን አላየሁም።»  አንድ በአንድ እጆች ተሰበሰቡ። ሐጂ ወደ አቶ አሸብር ዞሩ። «አሸብር፣ ሠርግህን ረግጠን አንወጣም። ይሄን አንሳልንና ዳቦና ማር አምጣልን።»

ዳቦና ማር በልተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ሄዱ። ንግዱም አልተቋረጠም፤ ሠርኬ የፈራችው አንዱም አልደረሰም። ይሁን እንጂ ቃሏን ጠብቃለች። የፋናዬን ዕቃ ደጅ ላይ አስጣለችው፤ የባሏን ጋቢ ጭምር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፋናዬ ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ መሳለሚያ ሰፈር፣ ራዲያ ቤት በር ላይ ቆመች። ሐጀራ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ቤቱ በደስታ ደምቋል። ፋናዬ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችና ሳትቀመጥ፣ ዕቃዋን ሳታወርድ ሁሉንም ተናገረች። ራዲያ ፈገግታዋ እንደ ውሃ ደረቀ።

«ጭልፋ አይሻገርም ተባብለን፣ ፋናዬ?»

«አዎ።»

«አደራ ብዬሽ?»

«አዎ፣ ራዲያዬ። ብትመቺኝም አልከፋም።»

ራዲያ ጀርባዋን ሰጥታት ቆየች። የሚጠብቃት ወቀሳ ይታያታል፤ ድስቱን ለክርስቲያን ጥለሽ ሄድሽ ሊሏት ነው፣ ደግሞም ብለዋታል። ስትዞር ግን እያለቀሰች ነበር። «እኔ ብሆን እንዲህ ወጥቼ እናገር ነበር? ወላሂ አላውቅም» አለች። ከዚያ የፋናዬን ዕቃ ከጀርባዋ አወረደችላት። «ግቢ። ደጅ ላይ አትቁሚብኝ፣ አራስ አለብኝ።» ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጋ ሰጠቻት፤ ፋናዬ እዚያ ኖረች።

ወጥ ግን ከዚያ በኋላ የሠርግ አልሠራችም። ሠርኬ አላሠራቻትም ብል ይሻላል። «ሠርግ አፍራሽ ናት» አለች፤ «ሰካራም ናት» አለች፤ በየማኅበሩ፣ በየለቅሶው ይህንኑ ዘራችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የክርስቲያኑ ወገን ፋናዬን መጥራት አቆመ። እህል በረንዳ ከሚያበጥሩት ሴቶች ጋር ተቀምጣ፣ ገለባ ፀጉሯ ላይ እየሰፈረ፣ የሰው ጤፍ ስታነፍስ ዓመታት አለፉ። ለቅሶና አራስ ቤት መሄዷን ግን አልተወችም። አንዳንዱ ጉልቻውን ይከለክላታል፤ ውሃ ቀድታ፣ ዕቃ አጥባ ትመለሳለች።

አንድ ቀን የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ማርያም ፊት አለቀሰች። «አባቴ፣ እውነት ተናግሬ ነው እኮ ባዶ እጄን የቀረሁት።»

«ዋሽተሽ እዚያው ቤትሽ ብትኖሪ ይሻልሽ ነበር?»

«ኧረ አልልም!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ወጥ መሥራት ናፍቆኝ ነው» አለች። ቄሱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ እሷም ተቆጣች።

ጊዜው ደርሶ ሐጂ ባህረዲን ልጃቸውን ጠይብን ዳሩ። እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ አንድም ሳይቀር ተጠራ፤ ክርስቲያኑ ለብቻው ዳስ ተጣለለት። አቶ አሸብርና ሠርኬ የክብር ቦታ ተሰጣቸው። ወጡ ቀረበ፤ ሽታው ምራቅ ያስውጣል። ነገር ግን ሠርኬ እንጀራውን ሳትቆርስ ቀረች። ያ ቀን ትዝ ብሏታል። እኔ እነሱን ዝም ብዬ ላበላ አልነበረም? እነሱስ ዛሬ ቢያበሉኝ? ሰው በራሱ ልክ ነው ሌላውን የሚጠረጥረው። የባሏን ክንድ ያዘች፤ በጆሯቸው ሹክ አለች። ሹክሹክታው ከጎን ወደ ጎን ዞረና ገበታው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። በመጨረሻ ሠርኬ አላስቻላትም።

«ሐጂ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ ወጥ የክርስቲያን ለመሆኑ ምስክሩ ማነው?»

 አቶ አሸብር ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ወደ ጓዳው ዞረው ተጣሩ።

«ፋናዬ!»

ፋናዬ በነጠላዋ እጇን እየጠረገች ወጣች። ጭልፋዋ እጇ ላይ ነው። የክርስቲያኑን ድስት እሷ እንድትሠራ መሳለሚያ ድረስ ሰው የላኩባት ሐጂ ነበሩ፤ ማን እንዳስጠራት ሲነግሯት በደስታ ስታለቅስ አድራለች። ሠርኬን አየቻት። ሠርኬም አየቻት፣ ፊቷም ከሰል ሆነ።

«ወጡን ማን ሠራው ይላሉ» አሏት ሐጂ።

«እኔ።»

«ሌላ ጭልፋ ገብቶበታል?»

«አልገባበትም።»

ሌላ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መሐላ የጠየቀም የለም። ከዳሱ ጥግ አንድ ሽማግሌ «እሷ ካለች አልገባበትም» አሉና አማትበው ቆረሱ። አጠገባቸው ያለው ቆረሰ፣ ቀጥሎ ያለውም ቆረሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ዳሱ በሙሉ ይጎርስ ነበር። አቶ አሸብርም ቆረሱ። ሠርኬ ብቻ እንጀራውን በጣቶቿ እንደያዘች ቀረች።

ፋናዬ ያን ሁሉ ዓመት ለዚህች ሰዓት ያስቀመጠችው ብዙ ቃል ነበራት። ምላሷን ታውቋታላችሁ። ጠጋ አለችና ከሳህኑ ላይ ደህና ሥጋ መርጣ ወደ ሠርኬ አስጠጋችላት።

«ይብሉ እንጂ እትዬ ሠርኬ» አለች፤ «ይቀዘቅዛል።»

ሠርኬ በላች።